ዩኒቨርሲቲ ከምን ይበቅላል?

(በደካ ለተሰበሰቡ ተማሪዎች በማኅበራችን ስም የተነገረ ንግግር)



ዛሬ ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ የአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ታሪክና የትምህርት ኑሮ ነው። ይኸውም በአገራችን የመጀመሪያው የሆነው፣ አሁን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የሚጠራው ነው። «ስለዚያ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ እዚህ ደካ ላይ መነጋገር ምን ይጠቅማል?» የሚል ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። ከእኛ መካከል ብዙዎች ወደ ካፋ የመጣነው መርጠን ሳይሆን ተመድበን ነው። ምደባው በተነገረ ጊዜ «ምነው አዲስ አበባ በደረሰኝ» ያላለ ጥቂት ነው። የዚሁ አገር ልጆች የሆኑትም ቢሆኑ «ከደጃችን የተከፈተ ትምህርት ቤት ምን ክብር አለው?» ሲሉ ይሰማሉ። ስለዚህ ያ የምንመኘው ዩኒቨርሲቲ ከምን እንደ ተነሣ፣ ክብሩንም ከየት እንዳገኘው ማወቅ ይገባናል። ሳያውቁ መመኘትም ሆነ ሳያውቁ መናቅ ከተማረ ሰው የሚጠበቅ አይደለም።

ዘመኑን የምንቈጥረው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው፤ በፈረንጆች የሚቈጠረውን እ.ኤ.አ. እያልን እንለየዋለን።

ጠላት በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በያዘ ጊዜ በአገር ውስጥና በውጭ የተማሩ ወጣቶች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ከእነዚህም አያሌዎቹ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ፍጅትና ከዚያ በኋላ በተከተለው ግድያ አለቁ። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ሚኒስቴሮች ተቋቋሙ፤ ዳሩ ግን ደብዳቤውን የሚጽፍ፣ ሒሳቡን የሚይዝ፣ ሕጉን የሚያረቅ፣ በሽተኛውን የሚያክም ሰው ታጣ። ወጣቶችን ወደ ውጭ ልኮ ማስተማርም ዘመን የሚፈጅ፣ ገንዘብም የሚጨርስ ሆነ። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲያችን ከቅንጦት ሳይሆን ከሰው እጦት የተወለደ መሆኑን አስቀድመን እንያዝ።

ሥራው በአደራ የተሰጠው ለካናዳውያን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 የተፈሪ መኰንንን ትምህርት ቤት እንዲመሩ ከካናዳ የኩቤክ ክፍል የኢየሱሳውያን ማኅበር አባሎች ተጋበዙ፤ አለቃቸውም ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ግብዣ የሚያስደንቅ ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በዚሁ ማኅበር ስብከት ምክንያት በአገራችን ብዙ ደም ፈስሶ ነበርና፣ ስሙ በቤተ ክህነት ዘንድ አልተረሳም ነበር። ስለዚህ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እነዚህን መምህራን የተቀበሏቸው ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩና የካህን ልብሳቸውን ትተው እንደ ማንኛውም መምህር ለብሰው እንዲያስተምሩ አድርገው ነው። እነርሱም በዚህ ተስማምተው ሠሩ። ዕውቀትን ከሚፈራ ወገን እጅ እንኳ በሥርዐት መቀበል እንደሚቻል ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

መጋቢት 11 ቀን 1942 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዶክተር ማትን ኮሌጅ እንዲያቋቁሙ አዘዟቸው። በ1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ትምህርት ተጀመረ፤ የተማሪዎቹም ቍጥር 33 ነበር። ዛሬ እዚህ የተሰበሰብነው ከዚያ ቍጥር ሳንበልጥ አንቀርም! የካቲት 20 ቀን በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ ተመርቆ ተከፈተ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1946 ዓ.ም. ደግሞ የመተዳደሪያ ቻርተሩን ተቀበለ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት የተፈጸመው በዚህ ዐይነት ነው።

ጅምሩ ያነሰው የእኛ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ካለ፣ እነዚያ መምህራን የመጡበትን አገር ይመልከት። በሞንትሪያል የሚገኘው የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ጄምስ ማክጊል የሚባል ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1813 ሲሞት መሬቱንና ገንዘቡን ለኮሌጅ ተናዘዘ፤ ቻርተሩም በ1821 ተገኘ። ነገር ግን ትምህርት የተጀመረው በ1829 ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ስም እንጂ ተማሪ አልነበረውም። በመጨረሻም ሕይወት የዘራበት የሞንትሪያል ሐኪሞች ያቋቋሙት የሕክምና ትምህርት ቤት ከእርሱ ጋር በመዋሐዱ ነው። የቶሮንቶም ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1827 የንጉሥ ኮሌጅ ተብሎ ቻርተር ካገኘ በኋላ ማስተማር እስኪጀምር 1843 ደርሷል። በዕድሜ የገፋ ሁሉ በወጣትነቱ ምን ይመስል እንደ ነበረ መጠየቅ መልካም ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በዚያው ዘመን ከአራት ኪሎው ኮሌጅ ሌላ በየቦታው ኮሌጆች ተከፈቱ። ከእነርሱም ሁለቱን ለይተን መንገር እንወዳለን፤ የተከፈቱበት ምክንያት ያስተምራልና።

የመጀመሪያው የጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። ከዚህ መከራ የተነሣ በሚቀጥለው ዓመት በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። ይህ ኮሌጅ ያሠለጠነው በከተማ ሆስፒታል ተቀምጦ በሽተኛ የሚጠብቅ ሐኪም አልነበረም። የጤና መኰንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር እንዲወርዱ፣ ውኃውን፣ ቤቱን፣ እናቱንና ሕፃኑን አብረው እንዲያዩ ነበር። ለአገሪቱ ሐኪም በጣም ባነሰበት ዘመን ሥርዐቱ የተቀረጸው በሽታው ባለበት ስፍራ፣ ከበሽታው ጠባይ ነው።

ሁለተኛው ከእኛ እጅግ የቀረበ ነው። በዚያን ጊዜ ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። በ1945 ዓ.ም. በዚያ በአሜሪካ የኦክላሆማ ኮሌጅ እርዳታ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከዚሁም ሥራ ጋር የአለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተቋቋመ። ከጅማ ትምህርት ቤት ወጥተው አለማያ ከተማሩት መካከል አንዱ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው። በገጠር ከሣር ቤት ተወልደው፣ ረጅም መንገድ በእግራቸው እየተጓዙ የተማሩት እኚህ ሰው፣ አቀንጭራ የሚባለውን የማሽላ ጠላት የሚቋቋም ዘር በምርምር አግኝተው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ። አቀንጭራ ምን እንደ ሆነ ለገበሬ ልጅ መንገር አያስፈልግም፤ በማሽላው ሥር ተጣብቆ ጉልበቱን የሚመጥ አረም ነው። ታላቁ ሊቅ ያጠኑት ነገር ከእናታቸው ጓሮ የማይርቅ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ከ1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን በስድስት ኪሎ ለትምህርት ሰጡ። ኮሌጆቹም በአንድነት ተጠቃለው ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተመረቀ። ቤተ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲሆን ማየት በየትም አገር ተራ ነገር አይደለም።

አሁን ስለ ተማሪዎቹ ኑሮ ጥቂት እንበል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለ ነበረ፣ ከጠቅላይ ግዛት የመጣ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ከቋንቋውም ከትምህርቱም ጋር ይታገል ነበር። ብዙዎችም በዚያው በመጀመሪያው ዓመት እየወደቁ ይሰናበቱ ነበር። ሴቶች ተማሪዎች እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ከ1950 ዓ.ም. ወዲህ የነፃ ትምህርት ዕድል ያገኙ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ወጣቶች አብረው መማር በጀመሩ ጊዜ፣ ስለ ቅኝ ግዛትና ስለ ነፃነት የሚደረገው ክርክር ከመኝታ ክፍል እስከ ምግብ አዳራሽ ተሰማ። በየዓመቱም በኮሌጁ ቀን የግጥም ውድድር ይደረግ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥም ሲያነብ፣ ተማሪው ስለ ድኻው ችግር በአደባባይ መናገር መጀመሩን ሰሚው ሁሉ ተረዳ። ማኅበሮቻቸውም በስቴንስል እየታተሙ የሚሠራጩ ጽሑፎች ነበሯቸው፤ ይህ የምናዘጋጀው ወረቀትም ከእነዚያ ጽሑፎች ወገን ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ልናነሣው የምንወደው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለውን ሥርዐት ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኞቹም በአስተማሪነት ተሰማሩ። የመንግሥት ሐሳብ የአስተማሪ ጉድለትን ለመሙላት ነበር፤ ፍሬው ግን ከታሰበው በላይ ሆነ። የከተማው ልጅ ጭሰኛው ከምርቱ ምን ያህሉን ለባለ መሬት እንደሚሰጥ በዐይኑ አየ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ የወጣው ሰልፍ በመጽሐፍ ንባብ ብቻ የመጣ አልነበረም። ከዚያ በኋላም ወደ ገጠር የወረደው ሁሉ ያንን ጥያቄ እያጠነከረው ተመለሰ።

ይህን ስንል የዚያን ትውልድ መንገድ ሁሉ እንድንከተል አይደለም። ዋጋው ምን ያህል እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር መሪ የነበረው ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግስቱም በግቢው የሌሎች ተማሪዎች ደም ፈሰሰ። በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ስድሳ ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ከዚያም በቀይ ሽብር ዘመን እጅግ ብዙ ወጣት አለቀ። እርስ በርሱም በሐሳብ የተለያየው ተማሪ ወንድሙን እንደ ጠላት ቈጠረ። ከዚህ የምንማረው ክርክር ክቡር ነገር መሆኑን፣ ክርክር በጥይት ሲተካ ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚሞት መሆኑን ነው።

ዳሩ ግን ዩኒቨርሲቲው አልሞተም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም ያገኘው ከአብዮቱ በኋላ ነው። በ1971 ዓ.ም. የማስትሬት ትምህርት ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ የዶክትሬት። በ1985 ዓ.ም. ከአርባ የሚበልጡ መምህራን ከሥራ ተሰናብተው ነበር፤ ይህም ቊስል ብዙ ጊዜ ሲታወስ ኖሯል። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ራሱን የሚያስተዳድር የአገሪቱ የመጀመሪያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ33 ተማሪዎች የተጀመረው ዛሬ በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቈጠሩ ተማሪዎችን ያስተምራል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንድረስ፤ የዚህ ዩኒቨርሲቲ ክብር ከየት መጣ? ከቤተ መንግሥቱ ግንብ ነውን? ከፈረንጅ መምህራኑ ነውን? ወይስ ከዕድሜው? እኛ አንድ ሌላ ምሳሌ እናቀርባለን።

እ.ኤ.አ. በ1964 የዚሁ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዚያን በሽታ ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄዱ። በወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ በእንዶድ ያጥባሉ። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ፣ የበሽታው ተሸካሚ የሆነው ቀንድ አውጣ ሞቶ ተንሳፎ አዩ። እንዶድን እናቶቻችን ሁሉ ያውቁታል፤ በወንዝ ዳር ያለፈውም ተማሪ ብዙ ነው። ቆሞ «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ የጠየቀው ግን አንድ ሰው ነው። ከዚያች ጥያቄ ረጅም ምርምር ተወለደ፤ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲቲዩትም ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የዓለም ሽልማት ተቀበሉ።

የታሪኩ ጅራት ደግሞ መራራ ነው። ምርምሩ በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተሠራ ስለ ሆነ የውጭ ድርጅቶች ለብዙ ዓመታት ሊቀበሉት አመነቱ። በኋላ ግን በካናዳና በአሜሪካ መካከል ባሉት ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ዜብራ መሰል የሚባል ባለ ዛጎል እንስሳ የውኃ ቧንቧ እየደፈነ ባስቸገረ ጊዜ፣ እንዶድ እርሱንም እንደሚገድል ተገኘ። ለዚህም አጠቃቀም የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። የራሳቸውን ዕውቀት ራሳቸው ጽፈው ያልያዙ ሰዎች፣ ሌላው ጽፎ ሲይዘው ተመልካች ይሆናሉ።

ስለዚህ መልሳችን ይህ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚከበረው ከቆመበት አፈር ጥያቄ አንሥቶ፣ ያንን ጥያቄ ዓለም በሚቀበለው ማስረጃ ሲመልስ ነው። ጎንደር ከደምቢያ ወባ፣ ገቢሳ እጀታ ከአቀንጭራ፣ አክሊሉ ለማ ከዐድዋ ወንዝ ተነሡ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድን ሊቃውንት ጋር ሆኖ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት የመዘገበው ታላቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ድረስ ጊዜ ወስዷል። ሠላሳ ዓመት ያህል በየጫካው ቅጠል እየለቀሙ መመዝገብ ማለት ነው! ክብር በዚህ ዐይነት ይገኛል።

ያ ዩኒቨርሲቲ የጎደለውንም መናገር ይገባል፤ እኛ ጉድለቱን ካላየን እንደግመዋለንና። በካናዳ የላቫል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1852 ቻርተር ያገኘው በ1663 ከተመሠረተው ከኩቤክ የካህናት ትምህርት ቤት ነው። ሥሩ በአገሩ ነበረ፤ ትምህርቱም በሕዝቡ ቋንቋ በፈረንሳይኛ ነበረ። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መካከል ቋንቋቸውን ሳያጠፉ የኖሩት በዚህ ዐይነት ትምህርት ቤቶች ኀይል ጭምር ነው። በአገራችን የቅኔው ቤት፣ የመጻሕፍቱ ቤት፣ የቁርኣኑ ትምህርት ከዚያ የማያንስ ዕድሜ አላቸው። የሽማግሌው የዳኝነት ሥርዐትና የገበሬው የዘር ዕውቀትም አለ። ዩኒቨርሲቲያችን ግን ከእነዚህ አልበቀለም፤ በአጠገባቸው ተተከለ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በዚያው በቀድሞው ቤተ መንግሥት ተከፍቶ ብራናውንና የአገሩን ዕቃ መሰብሰብ መጀመሩ ጉድለቱን በመጠኑ ሞልቷል። ሆኖም እስከ ዛሬ ድረስ ተመራቂው ያጠናውን ለእናቱ በእናቱ ቋንቋ ማስረዳት ያቅተዋል። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያን በእንግሊዝኛ አስተምረውን ሲሄዱ፣ እነርሱ ለራሳቸው ያደረጉትን እኛ ለራሳችን ሳናደርግ ቀረን።

አሁን ስለ ካፋ እንናገር። በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ጎደሎው ብዙ ነው ቢባል የማንኛውም ጀማሪ ነገር ነው፤ ጎደሎውን መደበቅም አይገባም። መጽሐፍ፣ ላቦራቶሪ፣ መብራት ሲጎድል ማኅበራችን መጠየቅና መከራከር ግዴታው ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ በገንዘብ የማትገዛው አንድ ነገር እዚህ አለ።

የዐረብ ቡና የሚባለው የዓለም መጠጥ በተፈጥሮው የበቀለው በዚህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ነው። በዴቻ ወረዳ በማንኪራ ጫካ ቡና ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ ከ760 ሺህ ሄክታር በላይ የሆነውን የካፋን ምድር የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦታል። የዚህን ጫካ ዋጋ ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ1971 የሆነውን እናስታውስ። የቡናን ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ የሚያጠቁርና የሚያበሰብስ በሽታ በአገራችን ገባ። ያን ጊዜ ባለሙያዎች መድኃኒቱን ለማግኘት የሄዱት ወደዚሁ ወደ ደቡብ ምዕራቡ ቡና ነው። በበሽታው መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙ ዛፎችን እየመረጡ፣ ዘራቸውን እየፈተኑ ለገበሬው የሚሰጡ ዝርያዎችን አወጡ። ጫካው ባይኖር ከምን ይመረጥ ነበር?

እንግዲህ ኮረሪማው፣ ጥምዙ፣ እንሰቱ፣ በዛፍ ላይ የሚሰቀለው ቀፎና ማሩ፣ የጫካው የአጠባበቅ ደንብ፣ ካፊ ኖኖ የሚባለው ቋንቋና በውስጡ ያለው ተረት ሁሉ ተማሪ የሚጠብቅ መጽሐፍ ነው። የካፋ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 ከተያዙ በኋላ፣ ስለዚያ መንግሥት ሥርዐት ሰፊ መጽሐፍ የጻፈው ከኦስትሪያ የመጣው ፍሪድሪኽ ቢበር ነው፤ የጻፈውም በጀርመንኛ ነው። ድካሙን እናመሰግናለን። የዚህ አገር ልጅ ግን የአያቱን ወግ በጀርመንኛ መጽሐፍ ሲፈልግ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተመራቂ የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስ ከዚህ አገር ኑሮ እንዲወስድ እንበረታታ። የሒሳብ ተማሪ የገበያውን ዋጋ፣ የሕግ ተማሪ የሽማግሌዎችን ዕርቅ፣ የጤና ተማሪ የምንጩን ውኃ፣ የእርሻ ተማሪ የእንሰቱን በሽታ ሊያጠና ይችላል። ጽሑፉ ሲፈጸምም በመደርደሪያ ላይ አቧራ እንዳይለብስ፣ ፍሬ ነገሩ በሁለት ገጽ በካፊ ኖኖና በአማርኛ ተጽፎ ለተጠየቁት ሰዎች ይመለስ። ገበሬው ጊዜውን ሰጥቶ መልስ ሰጥቶናል፤ መልሱ ምን እንዳፈራ የማወቅ መብት አለው።

ሁለተኛ፣ የ1957ቱ አገልግሎት በግዴታ ያደረገውን እኛ በፈቃድ እናድርገው። በክረምት ወር በየቀበሌው ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ማስጠናት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከሌላ ክልል የመጣነው ይህን ስናደርግ ቋንቋውን እንማራለን፤ የአገሩ ልጆችም የአገራቸውን ልጆች ያበረታታሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ተብሏል።

ሦስተኛ፣ በየወሩ አንድ ጊዜ ክርክር ይሁን፤ የተከራከርንበትም በዚህ ወረቀት ይታተም። ከልዩ ልዩ ብሔረሰብና ሃይማኖት የመጣን ነን። ሳንነጋገር አንድ ግቢ ውስጥ መኖር ለወሬና ለጥርጣሬ በር ይከፍታል። ያለፈው ትውልድ በክርክሩ መጨረሻ የደረሰበትን ስለምናውቅ፣ አንድ ደንብ አስቀድመን እንያዝ፤ ሐሳቡን እንጂ ሰውየውን አንምታ።

በዚህ ላይ ተቃውሞ የሚያነሡ እንዳሉ እናውቃለን። «ሥራ የሚሰጠን መሥሪያ ቤት የዩኒቨርሲቲውን ስም ይጠይቃል እንጂ ስለ ኮረሪማ ምን ያህል እንደምናውቅ አይጠይቅም» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ይህን በአንድ ንግግር ልንለውጠው አንችልም። ነገር ግን ስም የሚሠራው ሰው ነው። በ1943 ዓ.ም. የአራት ኪሎው ኮሌጅ ስም ምንም አልነበረም፤ ስም የሰጡት በኋላ የወጡት ናቸው። ሌሎች ደግሞ «የመንደር ነገር ስናጠና ከዓለም ዕውቀት እንቀራለን» ይላሉ። የእንዶዱ ታሪክ ለዚህ መልስ ነው፤ የዐድዋ ወንዝ ጥያቄ እስከ ካናዳ ሐይቆች ደርሷል። ሆኖም ማስጠንቀቂያ አለን፤ የአካባቢ ጥናት ማለት ሰነፍ ጥናት ማለት አይደለም። ኬሚስትሪውን፣ ስታቲስቲክሱን፣ የውጭውን ቋንቋ ጠንቅቆ ያላወቀ ሰው ቀንድ አውጣው ለምን እንደ ሞተ ሊያስረዳ አይችልም። ቆሞ ያያል፤ ይደነቃል፤ ያልፋል።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ከእኛ መካከል ጥቂቱ በዚሁ ይቀራል፤ ብዙው ወደ የመጣበት ይመለሳል፤ ሌላውም እንደ ብዙ የአገራችን ምሁራን ባሕር ይሻገራል፤ ምናልባትም ካናዳ ድረስ ይሄድ ይሆናል። የትም ብንሄድ «የት ተማርክ? የት ተማርሽ?» መባላችን አይቀርም። ያን ጊዜ የቦንጋን ስም ዝቅ ባለ ድምፅ እንዳንጠራ የሚያደርገን ሕንፃው አይደለም። ከቆይታችን አንድ ጥያቄ አንሥተን፣ መርምረን፣ ለዚህ አገር ሕዝብ አንድ መልስ ትተን እንደ ሆነ ብቻ ነው። የዘንድሮ ተመራቂዎች የጽሑፍ ርእሳቸውን የሚያቀርቡበት ቀን ቀርቧልና፣ ሥራው ከዚያ እንዲጀመር እናሳስባለን።